ካፖርት በአሶሳ ፀሐይ

አውሮፓ ደርሶ የተመለሰ ሰው ምን አየህ መባሉ አይቀርም። እኔንም ያኔ አሶሳ ከአውቶቡስ ከወረድኩ ጀምሮ ሲጠይቁኝ ኖረዋል። ስለ ባቡሩና ስለ ፎቁ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን ያን ጉዞ ሳስብ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የአንድ ሽማግሌ እጅና የአንዲት አሮጊት ካፖርት ነው። ሽማግሌው ሼህ ባቢከር ናቸው፤ ካረፉ ቆይቷል፣ አላህ ይዘንላቸው። ያን ዘመን ያየ ሰው እያነሰ ስለመጣ፣ እኔም ሳልረሳው መንገዱን ከመነሻው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ጊዜው ክልሉ አዲስ የነበረበት ነው። ቢሮ የሚባለው ሁሉ ቀለሙ ገና ያልደረቀ፣ ወንበር ከትምህርት ቤት እየተዋስን የምንሰበሰብበት ዘመን። እንዴት እንደሚናፍቀኝ። አንዱ በበርታኛ ይጀምራል፣ አንዱ በጉሙዝኛ ይመልሳል፣ ሲቸግራቸው አማርኛ ላይ ይገናኛሉ። አማርኛውም እንደ ተናጋሪው ነው፤ ማንም በማንም አማርኛ አይስቅም ነበር። እኔ ከአሶሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ወረዳ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ለወረዳው ምክር ቤት ጸሐፊ ሲጠፋ፣ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ከትምህርት ቤቱ ተዋሱኝ፤ እንደ ወንበሮቹ ማለት ነው። አባቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው፤ ያደግኩትም እኛ አገር አምባ በሚባለው የሰፋሪ መንደር ውስጥ ነው።

ምክር ቤቱ ሁለት ጎራ ነበረው፤ የአንዱ መሪ ሼህ ባቢከር ነበሩ። ሁለቱ ጎራዎች የማይጣሉበት ነገር አልነበረም፤ የወረዳው መቀመጫ የት ይሁን፣ ወፍጮው የት ይተከል፣ ሊቀመንበሩ ማን ይሁን። በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ። አምባዎቹ በምክር ቤቱ ወንበር እንዳይኖራቸው፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰውም በወረዳው ቋሚ ሥራ እንዳይዝ። በዚህ ላይ ግንባር ሊፈጥሩ ሆነ፤ እጅ የሚወጣበት ስብሰባም ከጉዟችን መልስ ተቀጠረ። የአምባችን ተወካይ አባቴ ነው። ቋሚ ቅጥር የምጠብቀው ደግሞ እኔ ነኝ። እንግዲህ አባቴን ከወንበሩ፣ እኔን ከሥራዬ ሊያነሱ ላሰቡት ሰው አስተርጓሚ ሆኜ አውሮፓ ልሄድ ነው።

የጋበዘን ሙሴ ፖል ነው። ወረዳችን ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የኖረ ፈረንሳዊ ነው፤ አማርኛውን ከቆፋሪዎቹ ስለተማረ "ያዝ! ሳብ! ልቀቅ!" ካላለ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ብዙ ቋንቋ የሚናገር ምክር ቤት እንዴት እንደሚሠራ እናሳያችሁ ብሎ፣ የሚሠራበት ማኅበር የሁለታችንን ወጪ ቻለ። አውሮፓውያን በጋራ የሚሰበሰቡበት ፓርላማ ያለው ስትራስቡርግ በምትባል ከተማ ሲሆን፣ የፖል እናት ቤትም ከዚያ አጠገብ ካለ መንደር ነው።

ረቡዕ ማለዳ ከአሶሳ ተነሣን። የሼህ ባቢከር ዘመዶች በዙምባራ ሸኙን። ዙምባራ ከቅል የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ቅል አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው ትልቁም ትንሹም ተራውን ጠብቆ ካልነፋ ዜማ የለም። ሼሁ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ አንድ ከረጢት የደረቀ የከርከዴ አበባና ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ የምትሆን የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ይዘው ከጎኔ ተቀመጡ። ባምባሲ ላይ አንዲት የኦሮሞ እናት "ኮቱ፣ ኮቱ"፣ ና ና ማለቷ ነው፣ እያለች በመስኮት ሙዝ አቀበለችን። ከመንዲ ወዲያ አውቶቡሱ ጭቃ ያዘው። የጥቅምት ዝናብ እዚያ አገር እንግዳ አይደለም። ወንዶቹ ሲገፉ ሼሁም ጀለቢያቸውን ሰብስበው ወረዱ፤ ሲመለሱ እስከ ጢማቸው ጭቃ ነበሩ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። አብረን ስንስቅ ልቤ ስለተፈታ፣ እንደገና ስንነሣ አላስቻለኝምና ጠየቅኋቸው።

"ሼኻችን፣ ስንመለስ እጅዎን ያወጣሉ?"

ሼሁ አማርኛ ሲናገሩ ሴትና ወንድ፣ "እኔ"ና "እሱ" አይለዩም፤ እኔን እስኪሞቱ ድረስ "አንተ" እንዳሉኝ ነው።

"ያወጣል" አሉ። "ዘሐራ፣ አንተ ስማ፣ አትቆጣ። ደርግ መኪና አመጣ፣ ሰው አራገፈ። እኛን ጠየቀ? አልጠየቀም። ቀርከሃው ሄደ፣ ንቡ ሄደ። የአባቴ ቀብር ላይ ትራክተር አለፈ። ወላሂ፣ በዚህ ዓይን አየሁ።"

"እኔና አባቴ ነን ትራክተሩን የነዳነው?"

"አንተ አይደለም። አባትህም አይደለም። እናንተ የኛ ነው። ሌሎቹን ነው እንጂ።"

ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቅሁ። ከወንዝ ማዶ ያለውን አምባ ጠሩልኝ። ማረሻዎትን የሚጠግንልዎ ሐሰን እኮ የዚያ አምባ ሰው ነው አልኳቸው። "እሱም አይደለም" አሉ። ከዚያ የሚቀጥለውን አምባ ጠሩ። ልጅዎን ያዋለደችልዎት እማ ጦይባ የዚያ ናት አልኳቸው። "እሱም አይደለም" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም ተናድጄ ሙዜን ለብቻዬ በላሁ።

የተናደድኩት እወዳቸው ስለነበረ ነው። እኛን መኪና ከቀርከሃ ጫካ ውስጥ ያራገፈን ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ዝናብ ነው፤ ቤት የለም፤ እናቴ ወባ ይዟት ትንቀጠቀጣለች። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን አንዲት የበርታ ሴት በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት፣ በአንዱ ጫፍ ማሽላ፣ በሌላው ጫፍ ውኃ አንጠልጥላ መጣች። የሼህ ባቢከር ሚስት ነበረች። የላኳት እሳቸው ናቸው። እናቴ ይህን ሳታነሣ ሰግዳ አታውቅም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው እጁን በላያችን ላይ ሲያወጣ ምን ይባላል? ጠላት እንዳልል አፌ አይታዘዝም።

ነቀምቴ አደርን፤ ሐሙስ አዲስ አበባ ገባን። ቅዳሜ አውሮፕላን ተሳፈርን። ሼሁ እዚያች ጠባብ የመጸዳጃ ክፍል ውስጥ በማንቆርቆሪያቸው ውዱእ አድርገው ሲወጡ ውኃው እስከ መቀመጫችን ተከትሏቸው መጣ። አስተናጋጇ ልትቆጣ ተነሥታ ፊታቸውን ስታይ ተወችው፤ ፎጣ አምጥታ እግራቸውን አደረቀችላቸው።

እሑድ ስንደርስ የኬላው ሰው ከረጢቱን ከፍቶ ከርከዴውን አሸተተ፣ ሌላ ሰው ጠርቶ አሸተተ፣ ሦስተኛ ሰው መጣ። "ሻይ ነው፣ ቀዝቅዞም ይጠጣል" ብዬ ባስረዳም አላመኑኝም። ሼሁ አንዱን አበባ አንስተው ቆርጠመው ዋጡት፤ ያን ጊዜ ለቀቁን። ውጭ፣ ቀድሞን የሄደው ፖል በሚጠብቀን ቦታ፣ ብርዱ ሌላ ነገር ነው። የአሶሳን ሙቀት ስረግም የኖርኩ ሰው፣ እዚያ ቆሜ ያን ሙቀት እንደ ዘመድ ናፈቅሁት። ሼሁ በስስ ጀለቢያ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። "ዘሐራ፣ ይሄ አገር ማን ሰፈራ አመጣው?" አሉኝ። ቂሜ ትንሽ ሟሟ።

የፖል እናት ማዳም ሊና ከበር ላይ ሼሁን እንዳዩ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተመልሰው ገቡ። ሲወጡ ጥቁር የሱፍ ካፖርት ይዘዋል፤ የሟች ባላቸው ነው። ሼሁ አንገራገሩ። ማዳም ሊና ግን እንደ ሕፃን እጅጌውን አስገብተው፣ ቁልፉን ከላይ እስከ ታች ቆልፈው፣ ኪሶቹን በእጃቸው እያሳዩ "እጅዎን እዚህ ያስገቡ" አሏቸው። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ከአሜሪካ ወታደሮች የለመዱት እንግሊዝኛ ስለነበራቸው ከእኔ ጋር በደንብ ተግባባን። ለምሳ የአሳማ ሥጋ ሠርተው ኖሮ፣ ፖል በጆሯቸው ሲነግራቸው ድስቱን እንዳለ ለጎረቤት ሰጥተው ለእኛ ዕንቁላልና ድንች ቀቀሉ። ድንቹ ተፈጭቶ እንደ እኛ አገር ገንፎ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ገብቶበታል። ሼሁ ባሚያ ቢኖረው ብለው ተመኙ እንጂ ጥርግ አድርገው በሉ።

ከምሳ በኋላ መንደሩን ዞርን። ጭስ ማውጫው ላይ ባዶ የወፍ ጎጆ አይተው ሼሁ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ማዳም ሊና ክንፍና ረጅም እግር በእጃቸው እየሠሩ አስረዱ፤ ሽመላ ነው፣ ብርድ ሲመጣ ወደ አፍሪካ ይሄዳል። ሼሁ ሊጮሁ ምንም አልቀራቸው። "እኛ ጋ ነው ያለው! አሁን ማሽላው ውስጥ ፌንጣ ይበላል!" ሁለቱ አዛውንቶች የጋራ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ተያዩ። ወደ ቤት ስንመለስ ከዳቦ ቤቱ በላይ የሚኖር ፂማም ቱርክ የማዳም ሊናን ማገዶ ፈልጦ እየደረደረ አገኘነው። እሑድ እሑድ እንዲህ ያደርጋል፤ መድኃኒታቸውንም ከከተማ የሚያመጣላቸው እሱ ነው። ማዳም ሊና ስለ አገራቸውም አወሩልን። አባታቸው ከዚያ ቤት ሳይወጡ አንዴ ጀርመን፣ አንዴ ፈረንሳይ፣ ከዚያም ደግሞ ጀርመን ይሆኑ ነበር አሉ፤ ድንበሩ ነው እየመጣ የሚያልፍባቸው። ሼሁ ይህን ሁለት ጊዜ አስተረጎሙኝ።

ሰኞ ፓርላማው ገባን። አዳራሹ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጠማዘዘ ነው፤ ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ በገዛ ቋንቋው ይሰማል። እኛ ጋ ማዳመጫው ጎረቤትህ ነው፤ "ምን አለ?" ብለህ በክርን ትነካዋለህ። እዚያ ማንም ማንንም አይነካም። አማርኛ ስለሌለ እኔ እንግሊዝኛውን እየሰማሁ በሼሁ ጆሮ ማንሾካሾክ ያዝኩ። ቀኝ ጫፍ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ደረቱን ነፍቶ ተናገረ። አገራችን ለልጆቻችን፣ የመጣ ወደ መጣበት ይመለስ፣ የሚል ነው። ቃሉን ሳላሳንስ ተረጎምኩ፤ እንዲያውም ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ሳልተረጉመው አልቀረሁም። ሲጨርስ ከተለያየ አገር የመጡ የጎኑ ሰዎች ጠረጴዛ እየደበደቡ አጨበጨቡለት።

"ማንን ነው የሚለው?" አሉ ሼሁ።

"ከሌላ አገር የመጣውን ሁሉ" አለ ፖል። "ቀኝ አክራሪዎች እንላቸዋለን።"

"እኛ ሐሙስ ይሄዳል" ብለው ሳቁ ሼሁ።

ፖል አስረዳን። እነዚህ ፓርቲዎች በየአገራቸው ትንንሽ ናቸው። በዚህ ፓርላማ ውስጥ ደግሞ ቡድን ያልሆነ ቢሮ፣ ጸሐፊና በቂ የመናገሪያ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ "የእኔ ሕዝብ ከሁሉ ይበልጣል" እያለ፣ እንደዚያው ከሚለው ጎረቤቱ ጋር ይቀመጣል። ሐሳቡ እንደነሱ የሆነ፣ ግን ከነሱ ጋር ለመታየት የሚያፍርም አለ። እውነትም አንዱን አየነው። ፎቶ አንሺ ሲመጣ ወንበሩን ወደ ወዲያ ይገፋል፤ ሲሄድ ይመልሳል። ሼሁ በዚህ ተገረሙ።

"ይሄ ጋብቻ አይደለም" አሉ። "ይሄ ዝናብ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሰው አንድ ዛፍ ስር ገባ። ዝናብ ሲቆም፣ ኻላስ፣ አለቀ፣ ሰላምታም የለም።"

የእኛን ወረዳ ግንባር ያስታወስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ "የሰው ነውር ለማየት ሩቅ አገር አይሄድም" ይል ነበር፤ እኔ ግን ሄደው ካዩ ይበጃል ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ።

ማክሰኞ ነገር መጣ። እረፍት ላይ መተላለፊያው ውስጥ ትናንት ጎን ለጎን ሲያጨበጭቡ ያየናቸው ሁለት ሰዎች ይጣላሉ። አንዱ ረጅም ነው፣ ከተራራው በስተሰሜን ካለ አገር፤ ሌላው አጭርና ፀጉሩ በቅባት የተኛ፣ ከተራራው በስተደቡብ ካለ አገር። በመካከላቸው ያለ አንድ ሸለቆ ነው ያጣላቸው። ሸለቆው በደቡቡ አገር ግዛት ውስጥ ነው፤ ነዋሪው የሚናገረው ግን የሰሜኑን ቋንቋ ነው። ሁለቱም "የኛ ነው" ይላሉ። የባዕድ ነገር ሲነሣ አንድ የነበሩት ሰዎች አሁን አንዱ ለአንዱ ባዕድ ሆነው ጣት ይቀሳሰራሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያልፋል። በሼህ ባቢከር አገር ግን ሽማግሌ ተጣይ አይቶ ካለፈ ነውር ነው፤ ደም ቢፈስ ከሚጠየቁት አንዱ እሱ ነው። እሳቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ያስታረቁ ሰው ናቸው። ምን እንደሚያደርጉ ገብቶኝ እጅጌያቸውን ልይዝ ስል ደርሰዋል። በዚያ በጥቁር ካፖርትና ነጭ ጀለቢያ መሀላቸው ገቡ፤ የአንዱን ቀኝ እጅ፣ የሌላውን ግራ እጅ አንጓው ላይ ያዙና ራሳቸው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። አገራቸው ላይ ሽማግሌው ከተቀመጠ የተያዘው ሰው ቆሞ አይቀርም።

ረጅሙ ሰውዬ እጁን መንጭቆ አላቀቀና አንጓውን በመሐረብ ጠረገ። አጭሩ ግን፣ ደንግጦም ይሁን ደክሞት፣ እየሳቀ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ስለ አያቱ አወራ፤ በዚያ ሸለቆ ጦርነት ወድቀው ቀርተዋል። ፖል ለእኔ፣ እኔ ለሼሁ። ሼሁ እጁን ሳይለቁ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ከዚያ ጠየቁ።

"ሸለቆ ውስጥ ያለው ሰው ምን ይላል?"

አጭሩ ሰውዬ ቆም አለ። "እነሱን እንኳ የጠየቃቸው የለም" አለ።

ሼሁ እጁን ለቀቁ። በዚህ መሀል ዘበኞች መጡ፤ ፖል "ልቀቅ! ልቀቅ!" እያለ በቆፋሪ አማርኛ እኛን ያረጋጋል፣ በፈረንሳይኛ እነሱን ይለማመጣል። ተባረን ወጣን ማለት ይቻላል። ሼሁ ግን መባረሩን ከቁጥርም አላስገቡት። ባቡሩ ውስጥ "ሁሉም ትልቁን ቅል ይዟል። ዙምባራ እንዴት ይሆናል?" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም።

ረቡዕ ዝናብ ስለነበር ቤት ዋልን። ማዳም ሊና የላላውን የካፖርቱን ቁልፍ ይሰፋሉ፤ ሼሁ ከርከዴ አፍልተው ስኳር ያበዙላቸዋል። ማዳም ሊና ቀይ ሆኖ ሲያዩት ወይን መስሏቸው ነበር፤ ቀምሰው ወደዱት። እራት ላይ ፖል ጋዜጣ ይዞ ገባ። ቡድኑ ተሰነጠቀ፤ የደቡቦቹ ጥለው ወጡ ይላል። ሼሁ አዘኑ። "ሱሉሁ አልሠራም" አሉ፤ እርቁ አልያዘም ማለታቸው ነው።

ማዳም ሊና ግን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ምን ያለ ኪሳራ ነው" አሉኝ። "እኔ እኮ የመረጥኳቸው እነሱን ነው።"

ፖል አንገቱን ደፋ። የሚያውቀው ነገር እንደነበር ከፊቱ ይታያል። እኔ አልገባኝም፤ ከጨዋነት ወጥቼ ደግመው እንዲነግሩኝ ጠየቅሁ። ደገሙልኝ። በአገራቸው ያለውን ያንን ፓርቲ ነው የሚመርጡት፤ የመጣ ይመለስ የሚለውን። ፋብሪካው ሲዘጋ እኛን ማን ጠየቀን፣ መንደሩ ሲለወጥ ማን አማከረን አሉ። ክፋት የለባቸውም። ድምፃቸው ሁሉ ያዘነ ሰው ድምፅ ነው። ከዚያ የሼሁን ሳህን አዩና እጃቸውን ዘርግተው ድንች ጨመሩበት።

"ምን አለ?" አሉ ሼሁ።

አንድ አስተርጓሚ ከሚገጥመው ሁሉ ይህ ከበደኝ። ዝም ልል እችል ነበር። መተርጎም የቤቱን ባለቤት ማጋለጥ ነው፤ ያለበሱንን፣ ያበሉንን። በሌላ በኩል ደግሞ ሳልተረጉም የቀረሁት ነገር የለም። ተረጎምኩ። ሼሁ ያደረጉትን ካፖርት ቁልቁል አዩት።

ማዳም ሊና ምን እንደተረጎምኩ ከሼሁ ፊት ገባቸው። ደነገጡ፤ እጄን ያዙኝ። "እናንተን አይደለም" አሉ። "እናንተ የእኛ ሰዎች ናችሁ። ሌሎቹን ነው እንጂ።"

ይህንን ለመተርጎም ቃል አልፈለግሁም። ከመንዲ ወዲያ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ በራሳቸው በሼሁ አንደበት ተሰጥቶኝ ነበርና እንዳለ መለስኩት። "አንተ አይደለም። እናንተ የኛ ነው። ሌሎቹን ነው እንጂ።"

ሼህ ባቢከር ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ተቆጡ ብዬ ነበር። ቀስ ብለው ወደ ማዳም ሊና ዞሩ።

"ሌሎቹ ማን ነው?"

"ለምሳሌ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያሉት" አሉ ማዳም ሊና።

"ያ እንጨት የሚፈልጥለት? መድኃኒት የሚያመጣለት?"

ተረጎምኩ። ማዳም ሊና እንደ መቆጣት ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱም አይደለም" አሉ።

ሼሁ ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ፣ ጢማቸው እስኪርስ ሳቁ፤ ማዳም ሊናም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። ከዚያ ሼሁ እንባቸውን ጠረጉ። የቀረበላቸውንም ድንች አንድም ሳያስቀሩ በሉ።

ሐሙስ ስንነሣ ሼሁ ካፖርቱን አውልቀው አጣጥፈው ሰጧቸው። ማዳም ሊና መልሰው አለበሷቸው፣ ያን የሰፉትን ቁልፍ ቆለፉ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ኪሶቹን መታ መታ አደረጉ። ሼሁም እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ረጅም ምርቃት ነው፣ ግማሹ በዓረብኛ፣ ግማሹ በበርታኛ። እኔ አልተረጎምኩም፤ ማዳም ሊና ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። የተረፈውን ከርከዴ ተውንላቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም አለቀስኩ። ማዳም ሊና ክፉ ቢሆኑ እንዴት ቀላል ነበር።

የመልሱ መንገድ እንደ መሄጃው አልነበረም። ነቀምቴም፣ መንዲም ሼሁ ካፖርቱን አላወለቁም፤ ሙቀቱ እየጨመረ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። ባምባሲ ላይ ያቺው ሙዝ ሻጭ አይታቸው ሳቋ አላስቆም አላት። እኔም አልጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ከቀርከሃው ጫካ አጠገብ ስንደርስ ብቻ፣ ያኔ እኛ የተራገፍንበት ሜዳ ላይ ዓይናቸውን ጥለው "እናትህ ያን ቀን ወባ ነበረው" አሉኝ። "አዎ" አልኳቸው። ያስታውሱታል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የስብሰባው ቀን የአሶሳ ፀሐይ የሚያቃጥልበት ቀን ነበር። አዳራሻችን ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ከውጭው ይብሳል። አባቴ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ያቺን ለበዓል የሚያወጣትን ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል፤ ሊያባርሩኝም ከሆነ ለብሼ ነው ብሎኝ ነበር። እኔ ከሊቀመንበሩ ጎን ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። ሼህ ባቢከር ካፖርታቸውን እንዳደረጉ ገቡ፤ ሁለቱም እጆቻቸው ኪሶቹ ውስጥ ናቸው። "ሼህ፣ ብርዱን ይዘውት መጡ እንዴ?" ብሎ አንዱ ቀለደ፤ ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

ሐሳቡ ተነበበ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። የወዲያኛው ጎራ እጅ እንዳለ ወጣ። የሼሁ ጎራ ሰዎችም እጃቸውን ማውጣት ጀመሩ፤ እንደ ልማዳቸው ግን መሪያቸውን ለማየት ዞሩ። ሼህ ባቢከር ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። እጃቸው ከኪሳቸው አልወጣም።

ሊቀመንበሩ ጠበቀ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ሼህ ባቢከር" አለ፣ "እጅዎ?"

ሼሁ አባቴን አዩ፤ እኔን አዩ። ከጎናቸው የነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች የዘረጉትን እጅ ቀስ እያሉ ሲያወርዱ አየሁ፤ ከነሱ ኋላ ያሉትም ተከተሉ። ሐሳቡ የወደቀው እዚያ ላይ ነው፤ ቆጠራው ለወጉ ያህል ነበር።

"በረደው" አሉ ሼህ ባቢከር። ላባቸው ከግንባራቸው እየወረደ በጢማቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።